ኪሎ የሚመረጠው ለዓመታት ነው፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የቴኳንዶ ተወዳዳሪዎች የምድብ አመራረጥ እና የስምንት ሳምንት ዝግጅት

ጀርመናዊው አሌክሳንደር ባክማን እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ ኮሪያ ሙጁ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ከ87 ኪሎ በታች ወርቅ ወሰደ። ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሄድ ግን ይህ ምድብ አልነበረም። ኦሊምፒክ ለወንዶች ያለው አራት ምድብ ብቻ ስለሆነ የዓለም ሻምፒዮኑ ከ80 ኪሎ በላይ በሚባለው ገባ። ይህ ደግሞ ጣሪያ የለውም፤ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ፊት ለፊት ሊቆም ይችላል። የአገሩ ልጅ ታሂር ጉሌች እ.ኤ.አ. በ2013 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ከ80 ኪሎ በታች ነው። ያው ምድብ ኦሊምፒክ ላይም ስላለ ሪዮ 2016 ሲገባ ኪሎውን መቀየር አላስፈለገውም። ከእነሱ በፊት ሞሮኮ ተወልዶ ለጀርመን የተሰለፈው ፋይሰል ኤብኑታሊብ ሲድኒ 2000 ላይ ብር ያገኘው በዚሁ ከ80 በታች ነበር። ሄሌና ፍሮም ለንደን 2012 ላይ ነሐስ የወሰደችው ደግሞ ከ67 ኪሎ በታች ሲሆን እሱም በሁለቱም ሰንጠረዥ ላይ አለ።

ይህን ያነሳነው ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ሐረርም ይሁን ድሬ፣ አንድ ልጅ ገና አረንጓዴ ቀበቶ ላይ እያለ ማስተሩ (አሠልጣኙ) ማሰብ ያለበት ነገር ስለሆነ ነው። የኪሎ ምድብ የአንድ ውድድር ጉዳይ አይደለም። ልጁ ለብዙ ዓመት የሚበላበትን፣ የሚሠለጥንበትንና የሚገጥምበትን መንገድ ይወስናል። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታየው ግን ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚዛን ላይ ወጥቶ መደንገጥ፣ ከዚያም በድሬ ፀሐይ ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ነው።

ሁለቱ ሰንጠረዦች

የዓለም ሻምፒዮና ለአዋቂ ወንዶች ስምንት ምድብ አለው፦ ከ54፣ ከ58፣ ከ63፣ ከ68፣ ከ74፣ ከ80፣ ከ87 በታች እና ከ87 በላይ። ለሴቶች ከ46፣ ከ49፣ ከ53፣ ከ57፣ ከ62፣ ከ67፣ ከ73 በታች እና ከ73 በላይ ነው። የኦሊምፒኩ ደግሞ ለወንዶች ከ58፣ ከ68፣ ከ80 በታችና ከ80 በላይ፣ ለሴቶች ከ49፣ ከ57፣ ከ67 በታችና ከ67 በላይ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በሁለቱም ላይ ያሉት የወንዶቹ 58፣ 68 እና 80፣ የሴቶቹ 49፣ 57 እና 67 ብቻ መሆናቸውን ታያላችሁ። 63 ላይ የሚገጥም ወጣት አንድ ቀን ወይ ወደ 58 መውረድ ወይ ወደ 68 መውጣት ይኖርበታል። ኢትዮጵያን በቴኳንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የወከለው ሰለሞን ደምሴም ቶኪዮ ላይ የገባው ከ58 በታች ነው።

ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት ልጆች የየራሳቸው ሰንጠረዥ ስላላቸው የአዋቂውን እነሱ ላይ አትለኩባቸው። ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ፦ ከሁለቱ ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ድርጅቶች ክለቡ የሚከተለው ወርልድ ቴኳንዶን ነው ወይስ አይቲኤፍን? አገራችን ውስጥ ሁለቱም ሥር የሰደዱ ናቸው፤ ወደ ኦሊምፒክ የሚወስደው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰንጠረዡም፣ የነጥብ አሰጣጡም፣ የፍልሚያው ስልትም ይለያያል። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ ወርልድ ቴኳንዶ ነው።

ሚዛኑን መጀመሪያ ፈትሹት

ዋናው ስህተት የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ 57 ያሳየ ሰው ውድድሩ ላይ 59 ሊሆን ይችላል። ክለቡ አንድ ሚዛን ይኑረው፤ ሁልጊዜም በዚያው ይመዘን። ለመፈተሽ ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር ውሃ ስድስቱን እሽግ ውሰዱ። ውሃው 12 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲጨመር ሩብ ኪሎ ገደማ ከፍ ይላል። ባዶ እጃችሁን ተመዘኑ፣ ከዚያ እሽጉን አቅፋችሁ ተመዘኑ። ልዩነቱ ከ12 እስከ 12.5 ካልሆነ ሚዛኑን አትመኑት። ሚዛኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ እንጂ ማት ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ፤ ለስላሳ ነገር ላይ ቁጥሩ ይዛባል።

ተወዳዳሪው ጠዋት ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ በውስጥ ልብስ ይመዘን። ሰባት ቀን ተመዝኖ ቁጥሮቹን ደምሮ ለሰባት ያካፍል። የሰውየው ኪሎ ይህ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይነግርም፤ ማታ ጨው የበዛበት ምግብ በልቶ ያደረ ሰው ጠዋት አንድ ኪሎ ጨምሮ ቢገኝ ስብ አልጨመረም፣ ውሃ ነው የያዘው።

ከዚያ ውሳኔው ይመጣል። ዕድሜው ከ18 በላይ ከሆነና የሰባት ቀኑ አማካይ ከምድቡ ጣሪያ ከ3 በመቶ በላይ ካልራቀ ወደ ታች መውረድ ይችላል። ለ58 ምድብ ይህ ማለት አማካዩ 59.7 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። 61 ኪሎ የሚመዝነው 58ን ይርሳው፤ 63 ላይ ይግጠም፣ ጡንቻ እየጨመረ ወደ 68 ይደግ። ከ18 በታች ያለ ልጅ ደግሞ በፍጹም ኪሎ አያወርድም። ቁመቱ እየጨመረ ነው፤ የሚበላው ለአጥንቱ ነው። በየዓመቱ አንድ ምድብ ወደ ላይ ቢወጣ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ልጁን በታች ምድብ አጥብቆ ይዞ ሜዳሊያ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በ19 ዓመቱ ግን ጉልበት የሌለው፣ ጉዳት የሚደጋግመው ተወዳዳሪ ይሆናል።

ላብ ኪሎ አይደለም

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪን ያልፋል። አንድ ሰዓት ተኩል የሠለጠነ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ጎድሎ መገኘቱ ያጓጓል፤ «ወረድኩ» ያሰኛል። የወረደው ግን ደሙ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው። ደም ሲቀንስ ልብ በፍጥነት ትመታለች፣ ላቡም ይቀንሳል፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት የዩኒቨርሲቲ የትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለማውረድ ሲሞክሩ ሞተዋል። ከመካከላቸው አንዱ የላስቲክ ልብስ ለብሶ ሲሠራ የነበረበት ክፍል ሙቀቱ 33 ዲግሪ ገደማ ነበር። 33 ዲግሪ ማለት ድሬዳዋ ላይ የአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እነሱ ክፍል አሙቀው ያመጡትን ሙቀት እኛ በር ከፍተን እናገኘዋለን። ስለዚህ ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ በሁለት ቱታ መሠልጠን፣ ውሃ መከልከል ከድሬ ክለቦች ፈጽሞ መወገድ አለበት።

መለኪያው ይህ ነው፦ ከልምምድ በፊትና በኋላ ላቡን አድርቆ መመዘን። 60 ኪሎ የሆነ ሰው በአንድ ልምምድ ከ1.2 ኪሎ በላይ መጉደል የለበትም፤ ያ 2 በመቶ ነው። በጎደለው በእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይተካ። ባዶ ውሃ ብቻ ሲሆን ጨው ስለማይተካ በሽንት ይወጣል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ጥሩ ነው። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ጨው ከዚህ በላይ አይጨመር።

ሰውየው ከተደናበረ፣ የሚናገረው ከተዘበራረቀ ወይም ካስመለሰውና መቆም ካቃተው ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት አቀዝቅዙት። ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ዶቦኩን (የቴኳንዶ ልብሱን) አውልቁ፣ ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ በካርቶን አራግቡለት። ሐኪም ቤት መውሰዱ ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ መንገድ ላይም ማርጠቡ አይቋረጥ።

ስብ መቀነስ ካስፈለገ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል። በስምንት ሳምንት ውስጥ 3 በመቶውን ያለ ጭንቀት ያወርዳል። የሚቀነሰው መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ሳምቡሳና ባጊያ፣ ማታ የሚበላ ፈጢራ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል አይነካም። የባቢሌ ለውዝ ለጾመኛ ተወዳዳሪ ምርጥ ምግብ ነው፤ ሆኖም ዘይቱ ብዙ ስለሆነ በቀን አንድ ጭብጥ ይበቃል።

ስምንቱ ሳምንታት

የልምምዱ ሰዓት ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ማታም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከልምምዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ በርና መስኮት ይከፈት።

ሳምንቱ የሚቆጠረው ለውድድሩ በቀረው ጊዜ ነው። ከስምንተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን፦ ሦስቱ ቴክኒክ፣ አንዱ የእግር ጉልበት፣ አንዱ ቀለል ያለ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ)። ከአምስተኛው እስከ ሦስተኛው ሳምንት ስፓሪንጉ ሦስት ቀን ይሆናል፤ ዙሩም እንደ ውድድሩ 2 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ። ትንፋሹ የሚሠራው በዚህ ነው፦ 10 ሰከንድ በሙሉ ፍጥነት ዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ የሚገባ ርግጫ)፣ 20 ሰከንድ ስቴፕ (የእግር እንቅስቃሴ ብቻ)፣ ይህ አራት ጊዜ ሲደገም አንድ ዙር ይሞላል። ሦስት ዙር አንድ ግጥሚያ ነው፤ 10 ደቂቃ አርፎ ሁለተኛ ግጥሚያ ይጨመር። ውድድር ላይ ፍጻሜ የሚደርስ ሰው በአንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ ይገጥማልና።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የልምምዱ ብዛት በግማሽ ይቀንስ፣ ፍጥነቱ ግን እንዳለ ይቆይ። ጠንካራ ስፓሪንግ ከውድድሩ ሰባት ቀን አስቀድሞ ያበቃል። በመጨረሻው ሳምንት የተረገጠ እግር ለውድድሩ አይደርስም።

አሁን ወደ ፊት እግር እንምጣ፤ የኤሌክትሮኒክ ሆጉ (ነጥብ የሚቆጥር የደረት መከላከያ) ከመጣ ወዲህ ግጥሚያውን የሚይዘው እሱ ነው። የቆመው እግር ተረከዝ ወደ ተጋጣሚው ይዞር። ጉልበቱ መጀመሪያ እስከ ቀበቶ ይነሳ፤ እግሩ የሚዘረጋው ጉልበቱ ተጋጣሚውን ካነጣጠረ በኋላ ነው። ረግጦም እንዲሁ እንዳይጥለው፣ በሄደበት መንገድ ወደ ቀበቶ ተመልሶ ከዚያ ይውረድ፤ ሁለተኛው ርግጫ የሚወጣው ከዚህ ነው። ለዚህ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ይበቃል። ወንበሩን ፊት ለፊት አስቀምጡና የፊት እግርን መሬት ሳያስነኩ ከመቀመጫው በላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አሳልፉ፤ በእያንዳንዱ እግር 15፣ ሦስት ጊዜ። ይህ ሲቀል ከመደገፊያው በላይ። ወንበሩ ከተነካ ጉልበቱ ዘግይቷል፣ ወይም ዳሌው ደክሟል።

የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው። ሲረግጥ እጁ ይወርዳል፤ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ርግጫ ሦስት ነጥብ ስለሆነ፣ ሆጉ ላይ ሁለት አገኛለሁ ብሎ ሦስት ይሰጣል። ወደ ኋላ አብዝቶ ይንጋለላል፤ ሲነካ ይወድቃል፣ መውደቅ ደግሞ ጋምጆም (ቅጣት) ነው፣ ለተጋጣሚው አንድ ነጥብ። እግሩን አንስቶ ለመከላከል ብቻ ከ3 ሰከንድ በላይ ሲይዝም ጋምጆም ነው። አንዳንዱ በሽን (በቅልጥሙ) ይመታል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ነጥብ ግን የለም፤ ሴንሰሩ ያለው ካልሲው ላይ ነውና። ካልሲው ከእግሩ ከሰፋ ሴንሰሩ ከእግር ጀርባ ወደ ጎን ይዞራል፤ ጥሩ ርግጫም ባዶ ይሆናል። ዴዶና ኬፒኤንፒ የሚባሉት ሁለት አምራቾች ካልሲዎች አንዱ በሌላው ሆጉ ላይ ስለማይሠሩ ከመግዛታችሁ በፊት ውድድሩ በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ዞሮ የሚረገጥ ርግጫ ከቀጥታው የበለጠ ነጥብ አለው፤ የነጥብ ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ለዚያ ውድድር የሚሠራበትን ከአዘጋጁ በጽሑፍ ውሰዱ።

ጫት

ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ በውድድር ወቅት የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው። ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ሲገኝ ጥፋት ነው፤ ካቲኖን ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። «ትናንት ማታ ነው የቃምኩት፣ ለውድድሩ አይደለም» ማለት ከቅጣት አያድንም። በእኛ አገር ለአዋቂ ሕጋዊ መሆኑም ለውጥ አያመጣም።

ምርመራ ባይኖርም በርጫ ተወዳዳሪውን ይጎዳዋል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ስለዚህ ከልምምድ በኋላ መብላት ያለበትን አይበላም። እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናው ድካምን ስለሚሸፍን ሰውነቱ «በቃኝ» የሚለውን ሳይሰማ በሙቀት ውስጥ ይቀጥላል። ኪሎ ለማውረድ ብሎ የሚቅም ወጣት ካጋጠማችሁ ምድቡ ከመጀመሪያውም የእሱ እንዳልነበረ ዕወቁ፤ ወደ ላይ አውጡት።

በጾም ወራት

በረመዳን የከበደው ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ይሁን። ከኢፍጣር በፊት 30 ደቂቃ ቀላል ቴክኒክና ማሳሳብ ይበቃል፤ ስፓሪንግ አይኖርም። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃው ተከፋፍሎ በየሰዓቱ ይጠጣ እንጂ አንድ ላይ አይገልበጥ። በዚህ ወር ኪሎ ማውረድ የለም። የሁዳዴ ጿሚ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ ካልቀመሰ የጠዋቱን ልምምድ ወደ ማታ ማዛወር ነው፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር በየማዕዱ ይግባ።

ወደ ውድድሩ መንገድ

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ድሬ ላይ ሦስት ዙር ሙሉ የሚረግጥ ልጅ እዚያ በሁለተኛው ዙር አፉ ይደርቃል፣ ጭኑ ይከብዳል። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሐረር ልጆች ይህን በከፊል ያውቁታል። የድሬ ክለቦች ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ደንገጎን ወጥተው ሐረር ላይ ስፓሪንግ ቢያደርጉ ይጠቅማል። በአንድ ቀን ሳንባ አይለወጥም፤ ተወዳዳሪው ግን የመጀመሪያውን ደቂቃ እንዴት ቆጥቦ መጠቀም እንዳለበት ይማራል። ከሜዳው አየር ጋር ለመላመድ ከሚዛን ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መድረስ ነው። በአውቶቡስ ሲኬድ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መራመድ፣ አለበለዚያ እግር ያብጣል። ሽንት ለመሽናት አያቆሙልንም ብሎ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ መጓዝ ከሙቀቱ የባሰ ያደርቃል።

ሚዛን በአብዛኛው ከውድድሩ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። በዓለም ደረጃ በሚካሄዱ ውድድሮች በውድድሩ ጠዋት በዕጣ ለተመረጡ ተወዳዳሪዎች ድጋሚ ሚዛን አለ፤ ከምድቡ 5 በመቶ በላይ ጨምሮ የተገኘ ይወጣል። ከ58 በታች ለሚገጥም ይህ 60.9 ነው። አራት ኪሎ በላብ አውርዶ ማታ የሚመልስ ሰው እዚህ ይያዛል።

ሚዛን እንደወረደ አንድ ሊትር ለምለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠጣ። ከዚያ ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ ሩዝ ወይም መኮሮኒ። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ቅባት የበዛበት ፉልና ሚጥሚጣ ሆድ ውስጥ ስለሚቆዩ ለድሉ ማግስት ይቀመጡ። የውድድሩ ቀን የመጨረሻው ደህና ምግብ ከመጀመሪያው ግጥሚያ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይበላ፤ በግጥሚያዎቹ መካከል ሙዝ ወይም ቴምር ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ።

ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ፦ ዶቦክ፣ ነጭ ወይም ቀለም የሌለው የጥርስ መከላከያ፣ የብልት መከላከያ፣ የክንድና የሽን መከላከያ፣ ጓንት፣ ሴንሰር ካልሲ፣ ተጨማሪ ደረቅ ካልሲ፣ ፎጣ፣ መታወቂያ። የእግር ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ሥጋውን ከነካ ካልሲው ውስጥ ይደማል፤ ዳኛው ደም ካየ ጨዋታውን ያቆማል።